ዋንጫ ከመግዛታችን በፊት አሠልጣኝ እንፈልግ

በተማሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ የስፖርት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። አዲስ ማሊያ ይገዛልን፤ ኳሱ አርጅቷል ይለወጥልን፤ የፍጻሜው ዋንጫ ከአምናው እንዳያንስ ይታሰብበት። እነዚህ ጥያቄዎች በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ነገር ግን «ማን ያሠልጥነን?» ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ይህንኑ የተረሳ ጥያቄ ነው። የምናነሣውም ለራሳችን ብቻ ብለን አይደለም፤ ከግቢያችን አጥር ውጭ በፈላና በር ግራና ቀኝ ለሚያድጉት ልጆች ጭምር ነው።

ፈላና በርን የማያውቅ የሐረር ተማሪ የለም። ሐረሪዎች አሱም በሪ ይሉታል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ካሠሩት የጁገል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች መካከል በስተ ሰሜን የሚገኘው እርሱ ነው። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ ጎብኚው በርክቷል፤ መጥቶ ግንቡን ያያል፥ ማታ የጅቡን ትርኢት ይመለከታል፥ ፎቶግራፉን አንሥቶ ይሄዳል። ከበሩ ውጭ ሁለት ድንጋይ ግብ አድርገው የሚጫወቱትን ልጆች ግን ማንም ቆሞ አያያቸውም። ኳሳቸው ብዙ ጊዜ በፌስታልና በጨርቅ የተጠቀለለች ናት። ባጃጅ ሲመጣ ጨዋታው ይቆማል፤ ባጃጁ ሲያልፍ ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል። ከመካከላቸው ኳስ በእግሩ ላይ ተጣብቃ የምትቀርለት ልጅ አለ። ዳገቱን ሩጦ ወጥቶ የማይተነፍስ ልጅ አለ። እኅቶቻቸው ጄሪካን ይዘው ከዳር ቆመው ያያሉ፤ ማንም «ግቢ» አይላቸውም።

እነዚህ ልጆች 16 ወይም 17 ዓመት ሲሞላቸው ጨዋታውን ይተዉታል። የሚተዉት ስለ ደከሙ አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚያሳያቸው ሰው ስለሌለ ነው። አንዱ ባጃጅ ይይዛል፥ አንዱ ሥራ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፥ አንዱ ከሰዓት በኋላውን በጫት ያሳልፋል። በእግሩ የነበረው ችሎታ እንደ ክረምት ጎርፍ ወርዶ ይጠፋል። ይህን ማንም እንደ ኪሣራ ቆጥሮት አያውቅም፤ ምክንያቱም ያልተጻፈ ሀብት ሲጠፋ ደብተር አያጎድልም።

አንባቢያን ሆይ፥ እዚህ ላይ የአንድ የከተማችንን ልጅ ታሪክ እናንሣ። አቶ ስንታየሁ እሸቱ የተወለዱት በዚሁ በሐረር ነው። በልጅነታቸው ልባቸው በእግር ኳስ ላይ ነበር። ዕጣቸው ግን የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ሆነና ሥራው ከሐረር አንሥቶ ወደ አርሲ፥ በቆጂ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰዳቸው። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፥ ገብስና ስንዴ የሚበቅልባት፥ ንጋቷ አጥንት የሚሰብር ደጋ ናት። ቆላውንና ወይና ደጋውን ለለመደ የሐረር ሰው አገሩም እንግዳ፥ ብርዱም እንግዳ ነው። የሚወዱት ስፖርትም በዚያ አገር እንደ ሩጫ አልነበረም።

አንድ ሌላ ሰው ቢሆን ደመወዙን እየተቀበለ፥ የዝውውር ማመልከቻ እየጻፈ ዓመቱን ይቆጥር ነበር። አቶ ስንታየሁ ግን ያደረጉት መምህር የሚያደርገውን ነው፤ ከፊታቸው የቆመውን ልጅ ተመለከቱ። የበቆጂ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚደርሰው ሩቅ መንገድ ሄዶ፥ ብዙ ጊዜም ሮጦ ነው። እርሳቸው ኳስን የሚወዱ ሰው ሲሆኑ በእነዚህ ልጆች እግር ውስጥ ያለው ሌላ ነገር መሆኑን አዩ፤ ስለዚህ ራሳቸው የሚወዱትን ትተው ልጆቹ የሚችሉትን ማስተማር ጀመሩ። ለኛ የአሠልጣኝነት ትርጉም ይህ ነው። ማሠልጠን ማለት የራስን ምኞት በሌላ ሰው እግር ማስሮጥ አይደለም፤ ሌላው ያለውን አይቶ ማውጣት ነው።

ውጤቱን ዓለም ያውቀዋል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ሆነች፤ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ ሲድኒ ላይ ደገመችው። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን ወርቅ ወሰደች። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. አቴና ላይ አንድ፥ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ አገኘ። ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ ሁለት፥ በ2004 ዓ.ም. በለንደን አንድ ጨመረች። ዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ ማለት ነው። አራቱም በልጅነታቸው በእኚሁ መምህር እጅ ያለፉ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. «የሯጮች ከተማ» የሚል ትርጉም ያለው ዘጋቢ ፊልም ስለ በቆጂ ተሠርቶ ሲታይ፥ ከፊልሙ ባለ ታሪኮች አንዱ እኚህ የሐረር ተወላጅ ነበሩ።

በእርግጥ ወርቁን ያመጡት ሯጮቹ ናቸው። ከበቆጂ ወጥተው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም በየክበቡና በብሔራዊ ቡድን ሌሎች አሠልጣኞች ብዙ ደክመውባቸዋል። ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ዘሩን መሬት ያስያዘው የመጀመሪያው እጅ ነው። የኋለኞቹ አሠልጣኞች የተቀበሉት አስቀድሞ መሮጥን የተማረ፥ ጧት መነሣትን የለመደ፥ ሲነግሩት የሚሰማ ልጅ ነበር። ያ ልጅ ከሰማይ አልወረደም።

«የበቆጂ ምሥጢር አየሩ ነው እንጂ አሠልጣኙ አይደለም» የሚል ሰው ይኖራል። ከፍ ባለ ቦታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ እንደሚሠራ እኛም በትምህርታችን አንብበናል፤ ለረጅም ርቀት ሯጭ ጠቃሚ መሆኑንም እናውቃለን። ነገር ግን ኢትዮጵያ ከዳር እስከ ዳር ደጋ የሞላባት አገር ናት። በቆጂን የሚያህል፥ ከበቆጂም የሚበልጥ ከፍታ ያላቸው ከተሞች በሰሜንም በመካከልም አሉ። ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ከሁሉም በእኩል በወጡ ነበር። ተራራው የተሰጠ ነው፤ ጧት በ12 ሰዓት ፊሽካ ይዞ ከተራራው ሥር የሚቆም ሰው ግን መገኘት አለበት። ሐረርም ብትሆን ከ1,800 ሜትር በላይ ያለች ናት፤ በአየር በኩል የምናማርርበት ምክንያት የለንም።

ሌላው የሚነሣው ሐሳብ «አሠልጣኝነት የታላላቅ ተጫዋቾች የጡረታ ሥራ ነው፤ ጥሩ የተጫወተ ጥሩ ያሠለጥናል» የሚለው ነው። በዚህ ላይ የአገራችን የእግር ኳስ ታሪክ የሚያስተምረን ነገር አለው።

ይድነቃቸው ተሰማን እናስብ። በ1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ ተወልደው ከ20 ዓመት በላይ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ። ከመጫወት ወደ ማሠልጠን ተሻገሩ፤ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ከቡድኑ መሪዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ነገር ግን ይድነቃቸውን ከሌሎች የለያቸው ያገቡት ግብ ብዛት አይደለም። ገና በወጣትነታቸው የስፖርትን ደንብ ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ መለሱ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ድረስ በፕሬዚዳንትነት መሩት። በእግራቸው የሚያውቁትን ነገር ሌላው አንብቦ እንዲያውቀው በወረቀት ላይ ያሰፈሩ ሰው ነበሩ።

በዚያው የ1954ቱ ፍጻሜ አራተኛዋን ግብ ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች በጠቅላላው 10 ግብ አስቈጥሯል። መጫወቱን ሲያቆም እርሱም አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ወደ ሊቢያ ሄደ። እዚያ ቡድኑ በናይጄሪያ 3 ለ 0፥ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያየ። በሦስት ጨዋታ አንድም ግብ አላገባም። ብዙ ሰው በዚያን ጊዜ «በእግሩ ያገባ የነበረው በአፉ ማግባት አቃተው» ብሎ ሊፈርድ ይችል ይሆናል። ይህ ፍርድ ግን ችኩል ነው። ኢትዮጵያ ማግባት አቅቷት ሳይገባባትም የወጣችበት የአልጄሪያ ቡድን፥ ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈው ያው ቡድን ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ከዚያ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከ31 ዓመት በኋላ። መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ሲያርፍ ያን መመለስ ሳያይ ነው የሄደው።

እንግዲህ በእነዚህ 31 ዓመታት ምን ጎደለን? ኳስ የሚወድ ሕዝብ አልጎደለንም። እግር ያለው ልጅ አልጎደለንም፤ ለዚህ ፈላና በር ምስክር ነው። የጎደለን ቅብብሎሹ ነው ብለን እናምናለን። አንድ ትልቅ ተጫዋች ሲያቆም የመሰናበቻ ጨዋታ እናዘጋጃለን፥ ካባ እናለብሳለን፥ እናጨበጭባለን፤ በማግሥቱ እንረሳዋለን። በ20 ዓመት ውስጥ የሰበሰበውን ዕውቀት ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው፥ ጠይቆም የሚጽፈው የለም። ራሱም እንዴት እንደሚያስተምር ማንም አላስተማረውም። መጫወት አንድ ሙያ ነው፤ ማስተማር ሌላ ሙያ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ሲገናኙ መልካም ነው፤ የሚገናኙት ግን በትምህርትና በልፋት እንጂ በመታደል አይደለም።

በሩጫ በኩል ያልተበጠሰ ገመድ ስለ ነበረን ውጤቱ የተለየ ሆነ። ከስዊድን የመጡት ኦኒ ኒስካነን አበበ ቢቂላን በ1952 ዓ.ም. ለሮማ፥ በ1957 ዓ.ም. ለቶኪዮ አዘጋጁ። ከእርሳቸው በኋላ፥ በአጭር ርቀት ሯጭ የነበሩት ንጉሤ ሮባ ሥራውን ተረከቡ፤ ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ሲወስድ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። ከንጉሤ ሮባ ቀጥሎ፥ ራሳቸውም ሯጭ የነበሩትና በሃንጋሪ የተማሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ መጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ ግንቦት 2008 ዓ.ም. ድረስ ስማቸው ከደራርቱ፥ ከኃይሌና ከቀነኒሳ ስም ጋር ሲጠራ ኖረ። የውጭው ሰው መጣ፥ አስተማረ፥ የአገሩ ሰው ተረከበው። ከላይ እነዚህ፥ ከታች በየገጠሩ እንደ አቶ ስንታየሁ ያሉ የትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ። ገመዱ ሁለቱንም ጫፍ ይዞ ነበር። በኳስ በኩል ግን የላይኛውን ጫፍ በየጊዜው እየለዋወጥን የታችኛውን ጨርሶ ለቀቅነው።

የሌላም አገር ምሳሌ እንጨምር፤ ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳይመስለን። በጃፓን ሰሜን፥ በሆካይዶ ደሴት ቶኮሮ የምትባል የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች ትንሽ ከተማ አለች። በዚያ ከርሊንግ የሚባል ጨዋታ ይዘወተራል፤ ይኸውም ከባድ የጥቁር ድንጋይ ክብ በበረዶ ላይ እያንሸራተቱ፥ መንገዱን በመጥረጊያ እየጠረጉ ወደ ተወሰነ ክብ ማድረስ ነው። ጨዋታው ከስኮትላንድ የመጣ ነው፤ ለጃፓኖች እንግዳ ነበር። ጥቂት የከተማው ሰዎች መጀመሪያ የቢራ በርሜልን እንደ ድንጋይ እየተጠቀሙ ተለማመዱት። ከዚያም ከተማዪቱ ለዚሁ ጨዋታ ብቻ የሚሆን አዳራሽ ሠራች፤ ትልልቆቹ ተጫዋቾች ትንንሾቹን ያስተምሩ ጀመር። በዚያ አዳራሽ ካደጉት ሴቶች የተቋቋመው ቡድን ለጃፓን በ2010 ዓ.ም. የክረምት ኦሊምፒክ ነሐስ፥ በ2014 ዓ.ም. ብር አመጣ። ከቶኮሮ የምንማረው ስለ በረዶ አይደለም፤ በረዶስ ሐረር የለንም። የምንማረው ትንሽ ከተማ ተጫዋቹን አስተማሪ ካደረገች ትልቅ አገርን ልታኮራ እንደምትችል ነው። በቆጂም ያሳየችን ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሐረር እንመለስ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲደረግ አንዱ ምድብ የተጫወተው ድሬዳዋ ነበር። ሞሮኮ፥ ናይጄሪያ፥ ዛየርና ሱዳን ከዚህ ከፈላና በር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተፋለሙ። ዋንጫውንም በመጨረሻ የወሰደችው ከዚያው ምድብ ያለፈችው ሞሮኮ ናት። ያንን ያዩ ሰዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። በከተማችን በየሰፈሩ ለክበብ የተጫወቱ፥ ዛሬ ሱቅ የያዙ፥ ቢሮ የሚሠሩ፥ ጡረታ የወጡ ሰዎች አሉ። ጠዋት ጠዋት ሻይ ቤት ተቀምጠው የድሮውን ጨዋታ ሲያወሩ ጆሮ የሚሰጣቸው ቢገኝ ስንት ነገር ይገኝባቸው ነበር። እነርሱ ከሻይ ቤቱ፥ ልጆቹ ከበሩ ሥር፥ እኛ ከቤተ መጻሕፍታችን፤ ሦስታችን በመቶ እርምጃ ርቀት ላይ ሆነን አንገናኝም።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ የተማሪ ሥራ ማጥናት ነው» የሚሉን ወዳጆች አሉ። መንግሥትና የስፖርት መሥሪያ ቤቶች ኃላፊነት አለባቸው፤ ይህን አናቃልልም። ነገር ግን መንግሥት እስኪመጣ የሚጠብቀው ልጅ ዕድሜው አይጠብቀውም። የዛሬ የ12 ዓመት ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ 17 ዓመቱ ነው፤ ያን ጊዜ የሚመጣው በጀት ለእርሱ አይሆነውም። አቶ ስንታየሁም በበቆጂ ሲጀምሩ የነበራቸው ሰፊ በጀት አልነበረም፤ የነበራቸው ሜዳ፥ ጧትና ትዕግሥት ነው። ማጥናታችንንስ ቢሆን ለምን ነው የምናጠናው? ከመካከላችን የሰውነት ማጎልመሻ የሚያጠና አለ፤ ሕክምና የሚያጠና አለ፤ ቋንቋ የሚያጠና አለ። ዕውቀታችን ከፈተና ወረቀት አልፎ ከበሩ ሥር ላለው ልጅ ካልደረሰ፥ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሆንብናል።

«ገንዘብ የለም» የሚለውም መልስ አያረካንም። ለዓመታዊው ውድድር ዋንጫ፥ ማሊያና የመዝጊያ ግብዣ የሚሆን ገንዘብ ሲገኝ በየዓመቱ አይተናል። ዋንጫው ከአንድ ቀን ጭብጨባ በኋላ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። አሠልጣኝ ግን የሰጠውን ነገር ልጁ ይዞት ይሄዳል፤ ማንም ከመደርደሪያ አያወርደውም።

ስለዚህ ነቀፌታ ብቻ ሰጥተን እንዳንቀመጥ፥ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የዘንድሮው የስፖርት ገንዘብ ሲከፋፈል ዋንጫው ትንሽ ይሁን፤ ግብዣውም ሻይና ዳቦ ይብቃው። የተረፈው በፈላና በር አካባቢ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚደረግ የልጆች ሥልጠና ይዋል። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ኳሶች፥ ፊሽካ፥ የመጠጥ ውሃና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ነው።

ሁለተኛ፤ ሥልጠናውን የሚመራው ተማሪ ብቻውን አይሁን። የሰውነት ማጎልመሻ የሚያጠና አንድ ተማሪና በከተማው የተጫወተ አንድ ትልቅ ሰው ጥንድ ሆነው ይያዙት። ተማሪው ትምህርቱን፥ ትልቁ ሰው ልምዱን ያምጣ። ይህ ደግሞ ለሌላ ችግር መፍትሔ ይሆናል። እኛ ተማሪዎች ተመርቀን ሂያጆች ነን፤ የሰፈሩ ሰው ግን ነዋሪ ነው። ሥራው በተማሪ ላይ ብቻ ከቆመ በምረቃ ቀን ይወድቃል።

ሦስተኛ፤ የጤና ተማሪዎች ልጆቹን በሥልጠናው መጀመሪያና በየመንፈቁ ይመርምሩ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ ገና አልጠናም፤ የአዋቂ ልምምድ ከተጫነበት ይጎዳል። ደም ማነስ ያለባት ልጅ «ሰነፍ» ተብላ ልትሰደብ አይገባም። አሠልጣኝ ቀስ ብሎ መሮጥን፥ ዳገትን፥ ፍጥነትንና ዕረፍትን በተራ በተራ ማስተማር ያለበት ለዚህ ነው። ዕረፍት የሥልጠናው ክፍል እንጂ ስንፍና እንዳልሆነ ለወላጆችም እንንገራቸው።

አራተኛ፤ ሴቶቹ ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ይግቡ። ከላይ ከቆጠርናቸው ዘጠኝ ወርቆች ስድስቱን ያመጡት ሴቶች ናቸው። የበቆጂው መምህር ወንዶቹን ብቻ ቢመለከቱ ኖሮ ከወርቁ ሁለት እጁ ከዳር ቆሞ ይቀር ነበር። ለዚህ ግን ወላጆችን ማክበርና ማስረዳት ያስፈልጋል። ሰዓቱም ቦታውም ከሰፈሩ እናቶች ጋር ተመክሮበት ይወሰን። የሰፈሩ አፎቻና ዕድር ሳያውቀው የሚጀመር ሥራ ሥር አይሰድም፤ ስለዚህ ቀድመን ሽማግሌዎቹን እንጠይቅ፥ ከዚያ ፊሽካውን እንንፋ።

አምስተኛ፤ ደብተር ይኑር። በየሥልጠናው ቀን ማን እንደ መጣ፥ ምን እንደ ተሠራ፥ ማን እንደ ተሻሻለ፥ ማን እንደ ቀረና ለምን እንደ ቀረ ይጻፍ። ከትልልቆቹ ተጫዋቾች የሚሰማውም ምክር ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ተጠቃሎ በዚሁ በስቴንስል ማሽናችን ይባዛ፤ በአማርኛ፥ በሐረሪኛና በኦሮምኛ ይውጣ፤ ለሚቀጥለው ዓመት አሠልጣኝ ይሰጥ። ይድነቃቸው ደንቡን በአማርኛ በጻፉ ጊዜ ማንም «ይህ ምን ዋንጫ ያመጣል?» ብሎ ሊጠይቃቸው ይችል ነበር። ዛሬ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስድስተኛ፤ ልጁ ትምህርቱን አይተው። ከሥልጠናው በፊት የትምህርት ቤት ደብተሩን ይዞ ይምጣ፤ የከበደው ጥያቄ ካለ ከመካከላችን የሚያስረዳው አይጠፋም። ከመቶ ልጅ አንዱ እንኳ ታላቅ ተጫዋች ባይሆን፥ መቶውም ጧት መነሣትንና ቃል መጠበቅን ተምረው ያድጋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ፥ እንደ አቶ ስንታየሁ፥ ራሱ ሳይሮጥ ሌሎችን የሚያስሮጥ መምህር ይሆን ይሆናል። እኛ ከወርቁ ይልቅ ይህን እንመኛለን፤ አንድ ወርቅ አንድ ነው፤ አንድ መምህር ግን ስንት እንደሚሆን በቆጂ ቆጥራ አሳይታናለች።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ቢጫን ከባድ ነው። አባቶቻችን ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ከእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ተማሪ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሰጥ ሸክሙ ጌጥ ይሆናል።

ሐረር አንድ መምህር ወልዳ ለበቆጂ ሰጥታለች። በዚህ ልንቀና አይገባም፤ የአገር ልጅ በሄደበት አገር መዝራቱ ክብር ነው። ነገር ግን የሰጠች ከተማ ለራሷ ልጆች ማጣቷ ሊያሳስበን ይገባል። በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የስፖርት ጉዳይ ሲነሣ «ዋንጫው ስንት ያወጣል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «አሠልጣኙ ማን ነው?» የሚለው እንዲጠየቅ እንፈልጋለን። እጅ ሲወጣ ለመቁጠር ብቻ የምትመጡ ከሆነ አትምጡ። የምትመጡት ከሳምንታችሁ የትኛውን ሁለት ሰዓት እንደምትሰጡ አስባችሁበት፥ ስማችሁን ለማስመዝገብ ይሁን።